ወሮበላው ራሱን በሲኒማ ሲያይ

በ1971 «ጎድፋዘር» ሲቀረጽ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሌኒ ሞንታና የተባለ ግዙፍ ሰው ማርሎን ብራንዶ ፊት ቆሞ ጥቂት ቃላት መናገር አቃተው። ሞንታና የቀድሞ የትግል ስፖርተኛ ነበር። ከአምስቱ የኒውዮርክ ማፊያ ቤተሰቦች አንዱ በሆነው በኮሎምቦ ቤተሰብ ዘንድም በጠባቂነትና በአስፈራሪነት ሠርቷል። በፊልሙ የተሰጠው ሚና የዶን ኮርሊዮኔ ቀኝ እጅ የሆነው ነፍሰ ገዳይ፣ ሉካ ብራዚ ነው። ኑሮውን በሰው ፍርሃት ላይ የመሠረተው ይህ ሰው የማፊያ አለቃ መስሎ ከተቀመጠው ተዋናይ ፊት ሲቀርብ ተንተባተበ፤ የሚናገረውም ጠፋበት። ዳይሬክተሩ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ግን ቀረጻውን አልጣለውም። ሉካ ወደ ዶኑ ከመግባቱ በፊት ምስጋናውን ብቻውን ሲለማመድ የሚያሳይ ትዕይንት ጨምሮበት፣ መንተባተቡን የሉካ ባሕርይ አደረገው። እውነተኛው አስፈራሪ ሐሰተኛውን አለቃ ሲፈራ ዛሬም ድረስ በፊልሙ ላይ ይታያል።

ፊልሞች የተደራጀ ወንጀልን ምን ያህል በእውነት ያሳያሉ የሚለውን ጥያቄ የቀድሞ ማፊያዎች ሲመልሱ ይህን ትዕይንት አለመርሳት ይበጃል። ባለፉት ዓመታት ጥያቄው ለእነሱ ራሱን የቻለ እንጀራ ሆኗል። የኮሎምቦ ቤተሰብ አዛዥ የነበረው ማይክል ፍራንዜዜ፣ የጋምቢኖ ቤተሰብ ምክትል አለቃ የነበረው ሳልቫቶሬ ግራቫኖና ሌሎችም ዩቲዩብ ላይ ተቀምጠው ይህ ልክ ነው፣ ያ የፈጠራ ነው እያሉ ፊልሞቹን ይዳኛሉ። ከእነሱ የምንማረው ብዙ ነገር አለ። ነገር ግን ዳኞቹ ራሳቸው በሚዳኙት ፊልም ተቀርጸው ያደጉ ሰዎች ናቸው፤ ምስክርነታቸውንም በዚህ ሚዛን መመዘን ግድ ይላል።

ወሮበላና ካሜራ የተዋወቁት ዘግይተው አይደለም። ዲ. ደብሊው. ግሪፊዝ የኒውዮርክን የድሆች ሰፈር ወሮበሎች ያሳየበትን አጭር ፊልም ያወጣው በ1912 ነው። አሜሪካ መጠጥን በሕግ ስትከለክል ሕገ ወጥ ጠማቂዎችና አስተላላፊዎች በአንድ ጀንበር ሀብታም ሆኑ፤ ሆሊውድም ተከተላቸው። የቺካጎ ጋዜጠኛ የነበረው ቤን ሄክት ለ1927ቱ «አንደርወርልድ» በጻፈው ታሪክ በመጀመሪያው የኦስካር ሥነ ሥርዓት ተሸለመ። በ1932 ደግሞ የቺካጎውን የወሮበላ አለቃ የአል ካፖንን ሕይወት የሚያስታውሰው «ስካርፌስ» ወጣ። ሄክት በማስታወሻው እንደጻፈው፣ የካፖን ሰዎች ጽሑፉን ይዘው ማታ ከመኖሪያው ድረስ መጡበት፤ እሱም ታሪኩ የአለቃቸው አለመሆኑን አሳምኖ ሸኛቸው። በዚሁ ፊልም ሳንቲም ወደ ላይ እየወረወረ የሚቀልበውን ነፍሰ ገዳይ የተጫወተው ጆርጅ ራፍት ከእውነተኞቹ ወሮበሎች ጋር ያደገና ወዳጅነታቸውንም ያልደበቀ ሰው ነው። ባንክ ዘራፊው ጆን ዲሊንጀር በጁላይ 22 ቀን 1934 ቺካጎ ውስጥ በፌዴራል መርማሪዎች ጥይት ሲወድቅ ከሲኒማ ቤት መውጣቱ ነበር፤ ያየውም ክላርክ ጌብል የሚሠራበትን የወሮበላ ፊልም ነው።

ከዚያ በኋላ የሆሊውድ የሳንሱር ደንብ ጠበቀ፤ ወሮበላም በፊልም መጨረሻ ሁልጊዜ የእጁን ማግኘት ግዴታው ሆነ። እውነተኛው ድርጅት ግን በዚያው ዘመን ተደላድሎ እየሠራ ነበር። የኤፍ.ቢ.አይ ኃላፊ የነበሩት ኤድጋር ሁቨር አገር አቀፍ የማፊያ ድርጅት መኖሩን ለመቀበል ለረጅም ጊዜ ፈቃደኛ አልነበሩም። በኖቬምበር 1957 በኒውዮርክ ግዛት፣ አፓላቺን በምትባል የገጠር መንደር፣ ከየአቅጣጫው የመጡ አለቆች በአንድ ቤት ተሰብስበው ሳለ የግዛቱ ፖሊስ ደረሰባቸው፤ ውድ ጫማቸውን እንደተጫሙ ወደ ጫካ ሮጡ። በ1963 ደግሞ ጆዜፍ ቫላኪ የተባለ ተራ አባል በአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ መሐላውን፣ ማዕረጉን፣ የአለቆቹን ስም በቴሌቪዥን ተናገረ። ሕዝብ ስለ ማፊያ አሠራር ከአባል አንደበት በይፋ የሰማው ያን ጊዜ ነው።

ማሪዮ ፑዞ በ1969 «ጎድፋዘር»ን ሲያሳትም ይህን የመሰለ ምርመራ እያነበበ እንጂ ከማፊያ ጋር ኖሮ አልነበረም። እውነተኛ ወሮበላ በቅርብ እንደማያውቅ ራሱ ጽፏል። ዶን ኮርሊዮኔ በአእምሮው ሲናገር ይሰማው የነበረው ድምፅም የገዛ እናቱ መሆኑን ተናግሯል። ዓለም የማፊያ አለቃ ጥበብ አድርጎ የያዘው አነጋገር የተቀዳው እንግዲህ ልጆቿን በችግር ካሳደገች ስደተኛ እናት ነው።

ማፊያው በበኩሉ ፊልሙን መጀመሪያ ሊያስቆም ሞክሮ ነበር። የኮሎምቦ ቤተሰብ አለቃ ጆዜፍ ኮሎምቦ የጣሊያን አሜሪካውያን ሲቪል መብት ሊግ የሚባል ማኅበር አቋቁሞ በአደባባይ ሰልፍ ይመራ ነበር። ፕሮዲዩሰሩ አል ሩዲ ከእሱ ጋር ተደራድሮ «ማፊያ» የሚለው ቃል ከጽሑፉ እንዲወጣ ተስማማ፤ ከዚያ በኋላ በር ሁሉ ተከፈተለት። ኮሎምቦ ግን ፊልሙን በሲኒማ ቤት ሊያየው አልታደለም። በጁን 28 ቀን 1971፣ ኒውዮርክ ውስጥ በራሱ ሰልፍ ላይ በጥይት ተመትቶ ሽባ ሆነ፤ ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላም ሞተ።

በ1972 ፊልሙ ሲወጣ የሆነውን ግራቫኖ በኋላ ተርኳል። ያኔ ገና ወጣት ነው። ከሲኒማ ቤቱ የወጣው እግሩ መሬት ሳይነካ እንደሆነ፣ ታሪኩ የተፈጠረ ቢሆንም ለእሱ ግን ሕይወታቸው ራሱ መስሎ እንደታየው ለጋዜጠኛ ነግሯል። ይኸው ሰው በ19 ግድያዎች መሳተፉን ያመነ፣ በ1992 በአለቃው በጆን ጎቲ ላይ መስክሮ ዕድሜ ልክ ያስፈረደበት፣ ለራሱ የአምስት ዓመት ፍርድ ብቻ ያገኘ ነው። ነጻ ከወጣ በኋላም በአሪዞና አደንዛዥ ዕፅ ሲያከፋፍል ተይዞ እንደገና ለረጅም ዓመታት ታስሯል። የመሐላ ክብር፣ ለቤተሰብ መታመን፣ አለቃን እንደ አባት ማየት የሚባሉትን ነገሮች ፊልሙ ከነሙሉ ውበታቸው አሳየው፤ እሱም ወደዳቸው። ሲኖራቸው ግን አልታየም። ስለ «ጎድፋዘር» እውነተኛነት ሲጠየቅ «ልክ እንደ እኛ ነው» ብሎ የሚመልስ ማፊያ ካለ፣ የሚናገረው ስለ ምኞቱ ይመስለኛል።

ሄንሪ ሂል ከዚህ የተለየ ነገር ይዞ መጣ። አባቱ አይሪሽ ስለሆነ ሙሉ አባል ሊሆን አይችልም ነበር። ከሉኬዚ ቤተሰብ ጋር ብሩክሊንና ኩዊንስ ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሠራ ኖሮ፣ በ1980 በዕፅ ንግድ ሲያዝ ለመንግሥት ምስክር ሆነ። ጋዜጠኛው ኒኮላስ ፒሌጂ ታሪኩን በ1985 በመጽሐፍ አወጣው፤ ማርቲን ስኮርሲዚ ደግሞ በ1990 «ጉድፌላስ» ብሎ ቀረጸው። ሂል በ2012 እስኪሞት ድረስ በየቃለ ምልልሱ ፊልሙ መቶ በመቶ ለማለት ጥቂት የቀረው እውነት ነው ይል ነበር። ሮበርት ዴኒሮ ደጋግሞ እየደወለ፣ ባልደረባው ጂሚ በርክ ሲጋራ እንዴት ይይዝ እንደነበር ሳይቀር ይጠይቀው እንደነበርም አውርቷል። ሂልን ምስክር ያደረጉት ዓቃቤ ሕግ ኤድዋርድ ማክዶናልድ በፊልሙ ውስጥ ራሳቸውን ሆነው ቀርበዋል።

የፊልሙ እውነት በጎላ መልኩ የሚታየው በብዙዎች ዘንድ በማይጠቀስ አንድ ክፍል ነው። የአንድ ምሽት ክበብ ባለቤት ወሮበሎቹ እየበሉ እየጠጡ ሒሳብ ስለማይከፍሉና ሲጠይቃቸው ስለሚደበድቡት ወደ አለቃቸው ይሄድና ሽርክና ግባልኝ ብሎ ይለምናል። አለቃው እያቅማማ ይስማማል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክበቡ የእሱ አይደለም። ገበያው ቢቀዘቅዝም፣ እሳት ቢነሣም፣ ቤቱን መብረቅ ቢመታውም በየሳምንቱ ገንዘቡን ማምጣት አለበት። ወሮበሎቹ በክበቡ ስም ውስኪውን በዱቤ በፊት ለፊት በር ያስገቡና በጓሮ በር በግማሽ ዋጋ ይሸጡታል፤ በነጻ ለመጣ ዕቃ ግማሽ ዋጋም ንጹሕ ትርፍ ነው። አበዳሪ ሲጠፋና ባንክ ፊቱን ሲያዞር ቤቱን ክብሪት ይለኩሱበታል። ማፊያ የሚኖረው እንዲህ ነው፤ የሌላ ሰው ላብ የሠራውን እስከ አጥንቱ ግጦ ይሄዳል። የቀድሞ አባላትም ይህ ክፍል ትክክል መሆኑን ይመሰክራሉ። ግን ያ ባለ ክበብ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ፊልሙ አይነግረንም፤ ከሂል ጋር ወደ ሌላ ጉዳይ ያልፋል። ተመልካቹም አብሮ ያልፋል።

በዲሴምበር 1978 ከኒውዮርኩ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከሉፍታንዛ የጭነት መጋዘን፣ አምስት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ጥሬ ገንዘብና ጌጣጌጥ ሲዘረፍ፣ በተሳታፊዎቹ፣ በሂል ባልደረቦች ላይ የደረሰው ከፊልሙም የከፋ ነው። አብዛኞቹ አንድ በአንድ ተገደሉ ወይም የገቡበት ጠፋ። በዘረፋው ወንጀል የተፈረደበት ከውስጥ መረጃ የሰጠው ሠራተኛ ብቻ ነው። አቀናባሪ የተባለው በርክ በዘረፋው ተከስሶ አያውቅም፤ የታሰረው የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ውጤት በማጭበርበርና በሌላ ግድያ ነበር። በዚሁ ፊልም በአንድ አጭር ትዕይንት ወሮበላ ሆኖ የሚታይ ሉዊስ ኤፖሊቶ የተባለ የኒውዮርክ ፖሊስ መርማሪ አለ። በ2006 ፍርድ ቤት እንዳረጋገጠው፣ ይህ ሰው ከባልደረባው ጋር ሆኖ ለሉኬዚ ቤተሰብ በገንዘብ ይሠራ ነበር፤ በስምንት ግድያዎች እጃቸው ተገኝቶ በ2009 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ሲቀረጽ ግን ከካሜራው በስተጀርባ ይህን ያወቀ አልነበረም።

በወሮበሎቹ መካከል ለስድስት ዓመት ያህል ዶኒ ብራስኮ በሚል ስም የኖረው የኤፍ.ቢ.አይ ሰላይ ጆ ፒስቶን የሰጠው ምስክርነት ከሁሉም ይልቅ የሚታመን ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የሚሸፍነው የገዛ ገመና የለውምና። እሱ ያየው ማፊያ ከጠዋት እስከ ማታ ስለ ገንዘብ የሚጨነቅ ነው። ዛሬ ምን እንስረቅ፣ ለአለቃ ምን እናድርስ የሚለው ወሬ አያልቅም። ስለ እሱ በተሠራው የ1997 ፊልም አል ፓቺኖ የሚጫወተው ሌፍቲ ዕድሜ ልኩን ሲያገለግል ኖሮ ኪሱ ባዶ የሆነ፣ ማዕረግ ያለፈው አዛውንት ነው፤ ይህ የሚያም እውነት ነው። ፍጻሜው ግን ተቀይሯል። በፊልሙ ሌፍቲ ወደ ሞቱ ሲሄድ ይታያል። በእውነቱ ከገዳዮቹ በፊት ኤፍ.ቢ.አይ ደርሶበት ታስሯል፤ የሞተውም በ1994 በካንሰር ነው። የተገደለው አለቃው ሶኒ ብላክ ነበር።

አንዳንድ ጊዜ እውነቱ ከፊልሙ በኋላ ይወጣል። የ1995ቱ «ካሲኖ» የላስ ቬጋሱን አንቶኒ ስፒሎትሮንና ወንድሙን በበቆሎ ማሳ ውስጥ ሲደበደቡና ሲቀበሩ ያሳያል። የፊልሙ አማካሪ የስፒሎትሮ የልጅነት ጓደኛ፣ ወሮበላ የነበረው ፍራንክ ከሎታ ነበር፤ በፊልሙም ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ተጫውቷል። አስከሬኖቹ በእርግጥ በ1986 ኢንዲያና ውስጥ ከበቆሎ ማሳ ተገኝተዋል። ሆኖም በ2007 ቺካጎ በተካሄደው ችሎት፣ ከገዳዮቹ አንዱ የነበረው ኒኮላስ ካላብሬዚ ወንድማማቾቹ የተገደሉት በአንድ መኖሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ መሆኑን መሰከረ። ማዕረግ እንሰጣችኋለን ተብለው ተጠርተው ነበር የገቡት። በ2019 የወጣው «አይሪሽማን» ደግሞ ፍራንክ ሺራን በስተርጅናው የሠራተኛ ማኅበር መሪ የነበረውን ጂሚ ሆፋን ገደልኩ ባለው ቃል ላይ ቆሟል፤ ጉዳዩን የመረመሩ ብዙዎች ግን ያንን ኑዛዜ አይቀበሉትም። የኖረበትን ሰው መጠየቅ ብቻውን እውነት ላይ አያደርስም። ወሮበላ ሲታሰር ቅጣቱን ለማሳነስ፣ ሲፈታ ስሙን ለማሳደግ፣ ሲያረጅ መጽሐፉን ለመሸጥ ያወራል።

ፍራንዜዜን እዚህ ላይ ማንሣት አለብኝ፤ ስለ ራሱ የሚናገረው በፊልም የማይታየውን ማፊያ ያሳያልና። ሀብቱን ያገኘው በቤንዚን ግብር ነው። አሠራሩ በቀላሉ ሲነገር እንዲህ ነው፤ በወረቀት ላይ ብቻ ያሉ ኩባንያዎች ይቋቋማሉ፣ ቤንዚኑ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደተሸጠ ተደርጎ ይመዘገባል፣ ግብሩን ለመንግሥት መክፈል ያለበት ኩባንያ ክፍያው ሲደርስ ይጠፋል። የግብር ሰብሳቢው ሰው በሩን ሲያንኳኳ ባዶ ቢሮ ያገኛል። ፍራንዜዜ በዚህ ሥራ ከሶቪየት ኅብረት ከመጡ ስደተኞች ጋር አብሮ በሚሊዮኖች ሰበሰበ፤ በ1986 ጥፋተኛነቱን አምኖ አሥር ዓመት ተፈረደበት። ሽጉጥ የለበትም፣ ሙዚቃ የለበትም፤ ያለው ደረሰኝና ማኅተም ነው። ለትምህርት ቤትና ለመንገድ የሚውል የሕዝብ ገንዘብ ግን በዚህ መንገድ ሄዷል። ፊልም ሠሪዎች ይህን የሚያልፉት አሰልቺ ስለሚመስላቸው ነው። እኔ ግን ዋናው ጉዳይ የተዘለለው እዚህ ላይ ነው እላለሁ።

የኒውጀርሲ ማፊያን ሕይወት የሚተርከው «ሶፕራኖስ» የተባለው ተከታታይ ድራማ በ1999 ሲጀምር ኤፍ.ቢ.አይ የኒውጀርሲውን የዴካቫልካንቴ ቤተሰብ አባላት በድብቅ ይቀዳ ነበር። በቅጂው ላይ ወሮበሎቹ ስለ ድራማው ሲያወሩ፣ እኛ መሆናችን ነው እንዴ እያሉ ሲጠያየቁ፣ የእነሱ ሰው የተጠቀሰበትን ቦታ እየቆጠሩ ሲደነቁ ይሰማሉ። ቅር ያለው አልነበረም። ልባቸው ሞቆ ነበር።

በጣሊያን ይህ የፊልምና የወሮበላ መቀዳዳት ሌላ መልክ ይዟል። ሮቤርቶ ሳቪያኖ በ2006 ባወጣው «ጎሞራ» እንደጻፈው፣ ካሞራ ከሚባለው የናፖሊ አካባቢ ማፊያ የሆነው ዋልተር ስኪያቮኔ ለአርክቴክቱ የ1983ቱን «ስካርፌስ» ቪዲዮ ሰጥቶ የፊልሙን ዋና ገጸ ባሕርይ የቶኒ ሞንታናን ቪላ በካዛል ዲ ፕሪንቺፔ አስገንብቷል። ወጣት ገዳዮች በፊልም እንዳዩት ሽጉጣቸውን አጋድመው መተኮስ በመጀመራቸው ዒላማቸውን እየሳቱ፣ ሰውን በአንድ ጥይት ከመግደል ይልቅ ሆዱንና እግሩን እየበሳሱ ያሠቃዩ እንደነበርም ይኸው መጽሐፍ ይናገራል። ፊልም ወደ እውነተኛ ሰው ሥጋ ሲገባ ማለት ይህ ነው። ማቴኦ ጋሮኔ መጽሐፉን በ2008 ሲቀርጸው የናፖሊን የስካምፒያ ሰፈር ነዋሪዎች አሠራ። ፊልሙ ላይ ጀግና የለም፤ ቆሻሻ፣ ፍርሃትና በባዶ ሜዳ የሚወድቁ ልጆች አሉ። በፊልሙ ከተጫወቱት አንዳንዶቹ በኋላ በካሞራ ግንኙነት ተጠርጥረው ታስረዋል። ሳቪያኖ መጽሐፉ ከወጣበት ዓመት ጀምሮ በፖሊስ አጀብ ይኖራል።

የሲሲሊው ቤርናርዶ ፕሮቬንዛኖ ለ43 ዓመታት ተሰውሮ ከኖረ በኋላ በአፕሪል 2006 የተያዘው በኮርሊዮኔ አቅራቢያ፣ በአንድ የእረኛ ጎጆ ውስጥ ነው። የሲሲሊ ማፊያ ታላቅ አለቃ አይብና ቅጠል እየበላ፣ መጽሐፍ ቅዱስ አጠገቡ አስቀምጦ፣ ትእዛዙን በትንንሽ ወረቀቶች በታይፕ እየጻፈ ይልክ ነበር። ፖሊስ ያገኘው ከቤቱ የሚላክለትን የታጠበ ልብስ ተከትሎ ነው። በአንጻሩ ማቴኦ ሜሲና ዴናሮ በጃንዋሪ 2023 ሲያዝ ከመደበቂያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የብራንዶ ምስል ያለበት የ«ጎድፋዘር» ፖስተር ተገኝቷል። ስንትና ስንት ሰው ያስገደለ የማፊያ አለቃ፣ በገዛ አገሩ በሲሲሊ፣ አሜሪካ የሠራችለትን ምስል ሰቅሎ ይኖር ነበር።

ጃፓን በዚህ ጉዳይ ብዙ የሚነገርላት አገር ናት፤ እኔ ሁለት ነገር ብቻ ላንሣ። በ1973 የወጣው የኪንጂ ፉካሳኩ ፊልም፣ ኮዞ ሚኖ የተባለ የሂሮሺማ ያኩዛ (የጃፓን የተደራጀ ወሮበላ) እስር ቤት ሆኖ በጻፈው ማስታወሻ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ የያኩዛን የክብርና የታማኝነት ተረት አፈራርሶ፣ አለቆች ተከታዮቻቸውን እንዴት እንደሚሸጡ አሳየ። በሜይ 1992 ደግሞ ዳይሬክተሩ ጁዞ ኢታሚ አንዲት ጠበቃ ያኩዛን በሕግ እንዴት እንደምታሳፍር የሚያሳይ ፊልም ሲያወጣ፣ በቀናት ውስጥ አምስት ሰዎች ከቤቱ ደጃፍ ጠብቀው ፊቱንና አንገቱን በስለት ቆራረጡት። ያኩዛዎች በራሳቸው ላይ የተሠሩ ብዙ የደም ፊልሞችን በደስታ ሲያዩ ኖረዋል። የተቆጡት ተራው ሰው እንዳይፈራቸው ባስተማረው ላይ ነው።

ይህ ቁጣ ለእኔ ከየትኛውም የቀድሞ ወሮበላ ብያኔ የበለጠ መለኪያ ነው። በሲሲሊም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል፤ በጃንዋሪ 1991 በፓሌርሞ የልብስ ፋብሪካ የነበራቸው ሊቤሮ ግራሲ በጋዜጣ በግልጽ ደብዳቤ ለማፊያ የከለላ ገንዘብ እንደማይከፍሉ አስታወቁ። የከተማው ነጋዴዎች ከጎናቸው አልቆሙም። በኦገስት 29 ማለዳ ከቤታቸው ሲወጡ ተገደሉ። የማፊያን እውነተኛ ገጽታ ማየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው የግራሲን ቤተሰብና ያንን የምሽት ክበብ ባለቤት የመሰሉ ሰዎችን ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ «ጎድፋዘር»ንና «ጉድፌላስ»ን ያዩ ከሆነ (ሁለቱም በሙያቸው ታላቅ ፊልሞች ናቸው) ማርኮ ቱሊዮ ጆርዳና በ2000 የሠራውን «መቶ እርምጃ»ንም ፈልገው ይዩ። ታሪኩ በሲሲሊ የቺኒዚ ከተማ ወጣት የነበረው የፔፒኖ ኢምፓስታቶ ነው። ፔፒኖ የማፊያ ልጅ ሆኖ በትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ የመንደሩን አለቃ ጋኤታኖ ባዳላሜንቲን በስም እየጠራ ያጋልጥ ነበር፤ የፊልሙ ርእስም በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ርቀት ነው። በሜይ 9 ቀን 1978 ገድለው ሬሳውን በባቡር ሐዲድ ላይ በፈንጂ በታተኑት፤ መርማሪዎችም ራሱን ያጠፋ አሸባሪ ነው አሉ። የቺኒዚ ሰዎች ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ በተደረገው ምርጫ ሟቹን የከተማ ምክር ቤት አባል አድርገው መረጡት። እናቱ ፌሊቺያና ወንድሙ ፍትሕ መጠየቃቸውን አላቋረጡም። ፊልሙ በወጣበት ዓመት የጣሊያን ፓርላማ የፀረ ማፊያ ኮሚሽን ምርመራው እንዴት እንደተዛባ ሪፖርት አወጣ፤ በ2002 ባዳላሜንቲ በግድያው ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በ2004 አሜሪካ ውስጥ በእስር ላይ ሳለ ሞተ። እናቱ ፍርዱን በሕይወት ሳሉ ሰምተዋል።